ጋዝ ያለው ከርከዴ፦ በቤት የሚዘጋጅ የሙቀት ወቅት መጠጥ

ከርከዴ ብዙ ጊዜ የሚጠጣው እንደ ሻይ ተፈልቶ ነው። ለጋዝ መጠጥ ግን ከብዙ አበባና ቅጠል ይልቅ የተመቸ ነው። በራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ጣዕሙ በስኳር አይሸነፍም፤ ቀለም መጨመር አያስፈልገውም፤ መዓዛውም ቀዝቅዞ ጋዝ ሲይዝ ጎልቶ ይወጣል። ደርቆ ስለሚሸጥ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፤ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ደግሞ የሚመስለው የለም። የሚፈልገው ከርከዴ፣ ስኳር፣ ውሃና ቁንጥር የዳቦ እርሾ ነው። ጋዙን ማምጣት ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በልኩ ማቆሙ ነው። ስለዚህ ከታች ስለ ጠርሙስና ስለ ሰዓት የተጻፈውን ሳያነቡ ወደ ሥራው አይግቡ።

ከርከዴው

አበባ ይባል እንጂ የሚደርቀው ክፍል አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው። በሱዳን በኮርዶፋንና በዳርፉር በብዛት ይመረታል፤ በእኛም አገር በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌላው የምዕራብ ቆላ ይበቅላል። ግብፅ ውስጥ የአስዋን ከርከዴ ስሙ የታወቀ ነው። ሴኔጋሎች ቢሳፕ እያሉ ቀዝቃዛውን ይጠጡታል፤ ጃማይካውያን ደግሞ ለገና በዝንጅብል ያዘጋጁታል። ከርከዴና ዝንጅብል መስማማታቸውን ብዙ አገር በየፊናው ደርሶበታል።

ሲገዙ ጠቆር ያለ ቀይ የሆነውን፣ ሽፋኑ እንዳለ ያለውን ይምረጡ። በጣት ሲታጠፍ ትንሽ እንደ ቆዳ የሚለመጥ ደህና ነው። ወደ ቡናማ የሄደው ያረጀ ነው፤ ጣዕሙም የደረቀ ሣር ይመስላል። ከከረጢቱ ሥር የሚቀረው ዱቄት መጠጡን ስለሚያደፈርስ አይውሰዱት። እፍኝ ያህል አንስተው ያሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ካለው በምንም ማጠብ አይለቅም። አብዛኛው ከርከዴ አሸዋ አያጣም፤ በወንፊት አድርገው በቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያለቅልቁት። ውሃ ውስጥ ካቆዩት ቀለሙም ኮምጣጣነቱም አብሮ ይሄዳል።

ጋዙ ከየት ይመጣል?

እርሾ ስኳር ሲበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አልኮል ያወጣል። ጠርሙሱ ክፍት ከሆነ ጋዙ ይበተናል፤ ከተከደነ መውጫ ስለሌለው መጠጡ ውስጥ ይሟሟል። ሒሳቡን አንድ ጊዜ መረዳት ብዙ ችግር ያስቀራል። በአንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ 4 ግራም ስኳር ሲበላ አንድ ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣል። የፋብሪካ ለስላሳ መጠጥ በእያንዳንዱ ሊትር ከሦስት ተኩል እስከ አራት ሊትር የሚጠጋ ጋዝ አለው። ያንን ለማግኘት ከ14 እስከ 16 ግራም ስኳር ይበቃል ማለት ነው። ለጣዕም ሲባል የሚጨመረው ስኳር ግን በሊትር 80 ግራም ነው። እርሾው መቼ መብላት እንዳለበት አያውቅም፤ ስኳሩ እስካለ ድረስ ይበላል። ሁሉንም ከበላ ከሚፈለገው አምስት እጥፍ ጋዝ ይሠራል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም የቤት ጠርሙስ አይችለውም። እርሾውን የሚያስቆመው ብርድ ነው። በትክክለኛው ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ካልገባ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ከዚሁ ሒሳብ የአልኮሉም መጠን ይታወቃል። በሰዓቱ የቀዘቀዘ መጠጥ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ የሚጠጋ አልኮል ይኖረዋል። ከጠላ እጅግ ያነሰ ነው፤ ግን ዜሮ አይደለም። አልኮል ለማይቀምስ ሰው፣ ለሕፃናት፣ እንዲሁም አልኮል መሥራት በሕግ በተከለከለባቸው እንደ ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ባሉ አገሮች ለሚኖሩ መጨረሻ ላይ ያለው የአምቦ ውሃ አሠራር ይሻላል።

ጠርሙሱ

የለስላሳ መጠጥ ወይም ጋዝ ያለው ውሃ የነበረበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ይጠቀሙ። ሥሩን ገልብጠው ይዩት፤ አምስት እግር ያለው ሆኖ የተሠራው ግፊት እንዲሸከም ነው። የተራ ውሃ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ የምንለው፣ ስስ ነው፤ ክዳኑም ለግፊት አልተሠራም፤ ያብጣል፣ ይተነፍሳል፣ ወይም ሥሩ ይገለበጣል። የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ የማር ብርጭቆ፣ ለጌጥ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ጠርሙስ ፈጽሞ አይሁን። መስታወት ሲፈነዳ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ለግፊት የተሠሩ ወፍራም ጠርሙሶች ቢኖሩም፣ ሥራውን እስኪለምዱት ድረስ ፕላስቲኩን አይተዉ። ፕላስቲክ ሌላም ጥቅም አለው፦ ውስጡ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ በእጅ ተጭኖ ማወቅ ይቻላል፤ በመስታወት ይህ አይሆንም።

ጠርሙሶቹንና ክዳኖቹን በሳሙና አጥበው፣ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ለጥቂት ደቂቃ ይሙሏቸው። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ጊዜ በደንብ ያለቅልቁ። የቀረ በረኪና እርሾውን ይገድላል፣ ቀለሙንም ያነጣል። የፈላ ውሃ አያፍሱባቸው፤ ይጨማደዳሉ።

ለ4 ሊትር የሚያስፈልገው

ደረቅ ከርከዴ 80 ግራም፣ ስኳር 320 ግራም (በልኩ የተሞላ 25 የሾርባ ማንኪያ ገደማ)፣ በስሱ የተከተፈ ትኩስ ዝንጅብል 40 ግራም፣ ከፈለጉ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ደረቅ የዳቦ እርሾ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ቅቡ ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ድስት ይሁን፤ የአሉሚኒየም ወይም የተራ ብረት ድስት ከከርከዴው አሲድ ጋር ስለሚዋሃድ መጠጡ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል።

የእንጀራ እርሾ እዚህ ላይ አይሠራም። ውስጡ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ስላለ መጠጡን ያኮመጥጠዋል፣ ዱቄቱም ያደፈርሰዋል። ጌሾም አያስፈልግም። በስኳር ምትክ ማር ማድረግ ይቻላል፤ 400 ግራም ያህል ይበቃል፣ ጣዕሙም ወደ ብርዝ ይጠጋል፤ ጋዙ ግን ሊዘገይ ስለሚችል ሰዓቱን ሳይሆን ጠርሙሱን ይከተሉ።

አሠራሩ

አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ከዝንጅብሉና ከቅርንፉዱ ጋር ያፍሉ፤ አምስት ደቂቃ ይንተክተክ። እሳቱን ያጥፉ፣ ከርከዴውን ይጨምሩ፣ ይክደኑ፣ 20 ደቂቃ ይተዉት። ከርከዴው ራሱ እሳት ላይ መፍላት የለበትም። ሲፈላ አፍ የሚያኮማትረው ነገር ይወጣል፣ የተፈጥሮ ሙጫውም ስለሚለቀቅ መጠጡ ይወፍራል፣ ቀይ ቀለሙም በሙቀት ይጎዳል።

በወንፊት ላይ ንጹሕ ሻሽ ዘርግተው ያጥልሉት። ከርከዴውን በእጅ አይጭመቁት፤ ራሱ ይንጠብጠብ። ደረቁ ከርከዴ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ውሃ ስለሚይዝ ያፈሰሱት ሁሉ አይወጣም። ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ እንደገና አፍስሰው አምስት ደቂቃ አቆይተው ያጥልሉ፤ የቀረው ቀለም ይወጣል። (የተረፈውን ከርከዴ አይጣሉት። በእኩል ስኳርና በጥቂት ውሃ ሲበስል ጥሩ ማርማላታ ይሆናል።)

ጭማቂው ገና ትኩስ እያለ ስኳሩን ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ። ከዚያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እየጨመሩ በድምሩ 4 ሊትር ያድርሱት። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ከሆነ ክሎሪኑ እርሾውን ያደክመዋል፤ አፍልተው ሌሊቱን ክፍት ቢያሳድሩት ይለቃል። ውሃው ጠንካራ ከሆነ፣ ማለትም ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ከሆነ፣ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ መልክ ሊያዘነብል ይችላል፤ መጠጡን ግን አይጎዳውም።

አሁን ይቅመሱ። ከሚፈልጉት ትንሽ ጣፈጥ ያለ መሆን አለበት፤ እርሾው ጥቂቱን ይበላዋል፣ ብርድና ጋዝም ጣፋጭነትን ያሳንሳሉ። ቢጎመዝዝ ውሃ እንጂ ስኳር አይጨምሩ። ከርከዴው በሊትር ከ30 ግራም ካለፈ አሲዱ በርትቶ እርሾው ይንቀራፈፋል ወይም ጭራሽ ይቆማል። ሎሚ መጨመር ከፈለጉም በሚጠጡበት ሰዓት ብርጭቆው ውስጥ ይሁን።

እርሾውን በሩብ ስኒ ለብ ያለ ውሃና በቁንጥር ስኳር በጥብጠው አሥር ደቂቃ ይተዉት፤ ላዩ ላይ ነጭ አረፋ ከታየ ሕያው ነው። የከርከዴው ውሃ ከ35 ዲግሪ በታች መሆኑን ያረጋግጡ። ድስቱን በእጅ ሲነኩት ሙቀት የማይሰማ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ እርሾውን ጨምረው በደንብ ያማስሉ። ብዙ እርሾ ብዙ ጋዝ አይሰጥም፤ ጋዙን የሚወስነው ስኳሩ ነው። የበዛ እርሾ የሚያመጣው የዳቦ ሽታና ብዙ አተላ ነው።

በጆግ ወደ ጠርሙሶቹ ይቅዱ፤ ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ይተዉ። ከመክደንዎ በፊት ጠርሙሱን ጨመቅ አድርገው ፈሳሹ ወደ አፉ ሲጠጋ እንደተጨመቀ ይክደኑት። ጎኑ ገባ ብሎ ይቀራል። እርሾው መሥራት ሲጀምር ይህ ጎድጓዳ ቦታ ቀስ በቀስ እየሞላ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ ጋዝ መጀመሩን የሚነግርዎ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው። ጠርሙሶቹን ብርሃን በማያገኙበት ቦታ፣ በባልዲ ወይም በሳፋ ውስጥ ያቁሟቸው። ብርሃን ቀለሙን ያፈዛል፤ ባልዲው ደግሞ ክዳን ቢያፈስ ወለሉን ያድናል።

መከታተል

ሰዓቱ የሚወሰነው በክፍሉ ሙቀት ነው። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ቤት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ክረምት፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት ቀን። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ እዚያ ማታ ቀድቶ እስከ ከሰዓት በኋላ መርሳት አደጋ ነው። እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ ፍርዱ የጣት ነው።

ከመጀመሪያው ግማሽ ቀን በኋላ (በሙቀት አገር ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ) በየጊዜው ጠርሙሱን በአውራ ጣት ይጫኑ። መጀመሪያ ላይ ጣት በቀላሉ ይገባል። ቀጥሎ ሲጫኑት ይገፋዎታል፣ ግን ይጎደጉዳል። ያልተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ያህል ጠንክሮ ጣት አልገባ ሲል ደርሷል፤ ያኔውኑ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ ያስገቡ። የሚጠራጠሩ ከሆነ ከሱቅ አንድ ለስላሳ ገዝተው አጠገቡ ያስቀምጡና እያፈራረቁ ይጫኑ። ጠርሙሱ ሥሩ አብጦ መቆም ካቃተው ልኩ አልፏል፤ አያንቀጥቅጡት፣ ቀስ ብለው ፍሪጅ አስገብተው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ጋዙን ያስተንፍሱ።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፍሪጅ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ፍሪጁ ለግማሽ ቀን ከሞቀ መብላላቱ እንደገና ይጀምራል። መብራት ሄዶ ከቆየ ጠርሙሶቹን ጫን ጫን አድርገው ይዩ፤ ከጠነከሩ ክዳኑን ትንሽ ላላ አድርገው ያስተንፍሱ።

ይህን ሁሉ ስጋት ማስቀረት ለሚፈልግና ስኳር ለሚቀንስ ሰው ጥሩ መንገድ አለ። ስኳሩን በሊትር 15 ግራም ብቻ፣ ማለትም ለ4 ሊትር 60 ግራም ያድርጉና ጣፋጭነቱን እርሾ በማይበላው ማጣፈጫ፣ ለምሳሌ በስቴቪያ፣ ይሙሉ። እርሾው 15 ግራሙን ሲጨርስ የሚበላው ስለሌለ በራሱ ይቆማል። በስቴቪያው ውስጥ ስኳር ያልተቀላቀለበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ።

ማቀዝቀዝና መክፈት

ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ጋዝ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በብዛት ይሟሟል፣ ከሞቀ ውሃ ግን ይሸሻል። ሳይቀዘቅዝ የተከፈተ ጠርሙስ ግማሹን በአረፋ ጣራ ላይ ያወጣል። በብርዱ ጊዜ እርሾውም ወደ ታች ይሰፍራል፣ መጠጡ ጠራ ይላል።

ሲከፍቱ በመታጠቢያ ሳህን ላይ ይሁን። ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ ያላሉት፤ ሲተነፍስ ይጠብቁ፤ አረፋው ወደ ላይ ከወጣ መልሰው ያጥብቁ፤ እስኪረጋጋ ይደጋግሙ። ሲቀዱ ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይቅዱ፤ ጠርሙሱን እያቆሙ እያዘነበሉ ከሆነ አተላው ይነሳል። ከሥር ያለውን ጣት የሚያህል ይተዉት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጣፋጭነቱ እየቀነሰና አልኮሉ ከፍ እያለ ይሄዳል።

ሲበላሽ

ሁለት ቀን አልፎ ጠርሙሱ ከለዘዘ፣ በመጀመሪያ ክዳኑን ይፈትሹ፤ ጠርሙሱን ገልብጠው ሲጫኑት ጠብ የሚል ካለ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ እርሾው ወይ አርጅቷል፣ ወይ በሙቅ ውሃ ሞቷል፣ ወይ ቤቱ ቀዝቅዞበታል። ሞቅ ወዳለ ቦታ አዛውረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካልሆነ አዲስ እርሾ በጥብጠው ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። ቅርንፉድና ቀረፋ ሲበዙም ዘይታቸው እርሾን ያግዳል፤ በ4 ሊትር ከሦስት ፍሬ ቅርንፉድ አይለፉ፣ ቀረፋ ከወደዱ ሲጠጡ ብርጭቆው ላይ ይሁን።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ትንሽ ቢኖር እርሾው ተጨናንቆ ነው፤ ከቀዘቀዘና አንድ ጊዜ ከተነፈሰ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የኮምጣጤ ሽታ ግን አይመለስም፤ አየር ገብቶበታል ወይም ዕቃው አልጸዳም። ሲቀዱት እንደ ተልባ የሚለጠልጥ ከሆነ፣ ወይም ላዩ ላይ ፀጉር መሰል ሻጋታ ከታየ ሙሉውን ይድፉት።

ያለ እርሾ፣ በአምቦ ውሃ

100 ግራም ከርከዴ በ1.2 ሊትር ሙቅ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያጥልሉ። የሚወጣው 800 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ገና ትኩስ እያለ 600 ግራም ስኳር ያሟሙበት። ይህ ሽሮፕ በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ለአንድ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ሽሮፕና 250 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ይበቃል።

አምቦ ከሌላው ጋዝ ውሃ የሚለይበት ነገር አለ። ከምድር ሲወጣ ባይካርቦኔት በብዛት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ባይካርቦኔት ደግሞ አሲድ ሲያገኝ ጋዝ ይለቃል። ሽሮፑ ላይ አምቦውን በፍጥነት ካፈሰሱት አረፋው ከብርጭቆው ይወጣል፣ ቀዩም ዓይንዎ እያየ ወደ ወይን ጠጅ መልክ ይቀየራል፤ ኮምጣጣነቱም ይለዝባል። መፍትሔው ሽሮፑ ላይ መጀመሪያ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ መጨመር ነው፤ ከዚያ አምቦውን በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርገው ያውርዱ። ቀለሙ ይመለሳል፣ አረፋውም ይገራል። አምቦ በማይገኝበት አገር ተራ ሶዳ ውሃ ያለ ሎሚ ይሠራል። የሶዳ መሥሪያ ማሽን ካለዎት ጋዙን ንጹሕ ውሃ ላይ ያስገቡና ሽሮፑን ኋላ ያፍሱ፤ ሽሮፕ ያለበት ውሃ ማሽኑ ውስጥ ገንፍሎ ይደፍነዋል።

ከርከዴ የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ስለሚያደርግ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አዘውትሮ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ።